ወንበሩና ነጠላው

የምንኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሕንፃው አሳንሰር የለውም። ጤነኛ ሰው ደረጃውን የሚያስበው ጋዝ ወይም የጤፍ ጆንያ ሲሸከም ብቻ ነው። እኔም ስለ ደረጃው የነበረኝ እውቀት ከዚህ አያልፍም ነበር፤ ይኸውም ባለፈው ክረምት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ እናቴን ትንፋሽ እስኪያጥራት ድረስ ነው።

ጎረቤት ተጠራ። ሦስት ጎበዛዝት መጡና ብርድ ልብስ ዘረጉ፤ ከእኔ ጋር አራት ሆነን ማዕዘን ማዕዘኑን ይዘን እንደ ቃሬዛ ልናወርዳት ተሰናዳን። ገጠር ያደገ ሁሉ ቃሬዛን ያውቃል፤ ድውይ ይተኛል፣ አገር እየተፈራረቀ ይሸከመዋል። በዚህ መካከል የሦስተኛው ፎቅ ልጅ ጫጫታውን ሰምታ ወጣች። እናቴን አንድ ጊዜ ብቻ አየቻት።

«አያስተኟቸው! ከተኙ ይታፈናሉ። ተቀምጠው ነው የሚወርዱት። ጋሼ፣ ጠንካራ ወንበር ያምጡልኝ።»

ወንበር አመጣሁ። እናቴን አስቀመጠቻትና የራስዋን ነጠላ ከትከሻዋ አውርዳ፣ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እጅዎን ላስረው ነው» አለቻት። ነገሩ ገረመኝ። ምክንያቱን የተረዳሁት በኋላ ነው፤ ደረጃ የሚወርድ በሽተኛ ሲፈራ የደረጃውን ብረት ጨምድዶ ይይዛል፤ ያን ጊዜ ተሸካሚና በሽተኛ አብረው ይወድቃሉ። አንዱን ጎበዝ ከኋላ መደገፊያውን አስያዘችው፤ ሁለተኛውን ከፊት የወንበሩን እግሮች። ሦስተኛው ከፊተኛው ጀርባ ሆኖ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ወደ ኋላ የሚረግጠውን እንዲመራው አዘዘች። ራስዋ እያንዳንዱን ደረጃ ጮክ ብላ እየቆጠረች አወረደችን። እኔ፣ በወጉ የተማርኩትና መጻሕፍት የጻፍኩት፣ የተሰጠኝ ሥራ መብራት መያዝ ነበር።

ይህች ልጅ ቀን የነርስ ተማሪ ናት፤ ሌሊት ደግሞ በአንድ ሆስፒታል የነርስ ረዳት። አልጋ ታነጥፋለች፤ መነሣት የማይችለውን በሽተኛ ገላው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጣለች፤ ሽንት ለክታ ትደፋለች፤ ደም ወደ ላቦራቶሪ ታደርሳለች፤ የሞተውን ገንዛ ታስረክባለች። በአገራችን ይህን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው አስታማሚ ነው፤ እናት፣ እኅት፣ ልጅ። አስታማሚ የሌለው ወይም አስታማሚው የደከመበት ግን ረዳቷን ይጠራል።

በዚያ ሌሊት ከድንገተኛው ክፍል ደጅ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን፣ በወንበር ማውረድን የትኛው መምህር እንዳስተማራት ጠየቅኋት። ሳቀች። «ፖርተሮቹ ናቸው፣ ጋሼ። መምህሮቻችን ከታች ነው የሚያገኙት፤ በሽተኛ ከደረጃው ከወረደ በኋላ።»

ከዚያ ሳልጠይቃት ሌላ ነገር ነገረችኝ። በዓመቱ መጀመሪያ ለተግባር ልምምድ የተመደበችው ሌሊት ሌሊት በምትሠራበት በዚያው ሆስፒታል ኖሯል። ነጭ ጋውን ለብሳ ከጓደኞችዋ ጋር በአንድ አዛውንት አልጋ ዙሪያ ቆማለች። አዛውንቱ ያውቋታል። «ልጄ፣ ፖፖዬን» አሏት። ተማሪዎቹ ሳቁ። አስተማሪው፣ «አንቺ አሁን ተማሪ ነሽ፤ ያ የረዳት ሥራ ነው» አላት። አዛውንቱ ሁለተኛ ጠሯት፤ ሦስተኛም ጠሯት።

«አልሄድኩም፣ ጋሼ» አለችኝ። «ቆሜ ማስታወሻ ያዝኩ። አልጋቸው ላይ አመለጣቸው። ከዚያ ወዲህ አልጠሩኝም፤ ሌሊት ስገባ እንኳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።»

የምለው አጣሁ። ነገር ግን ያ አስተማሪ የሙያውን ታሪክ ቢያስታውስ ኖሮ ምን ይል ነበር እያልኩ አስባለሁ። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1860 እ.ኤ.አ. በለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ስታቋቁም፣ ተማሪና ሠራተኛ ሁለት ሰው አልነበሩም፤ ተማሪዋ የምትማረው በአልጋው ዙሪያ እየሠራች ነበር። በዚያው ከተማ፣ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል፣ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ሠልጥነው በነሐሴ 1931 ዓ.ም. በነርስነት ተመዘገቡ። በስደት ላይ ያለ ንጉሥ ልጅ ነበሩ፤ ይሁንና የዚያ ዘመን ተማሪ ነርስ እጅዋን ሳታቆሽሽ የምትመረቅበት መንገድ አልነበረም። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ወለጋ፣ ነቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት ሞቱ፤ በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆነ። በየአውራጃው የነበረው ድሬሰርም፣ ሕዝቡ «ሐኪሙ» እያለ የሚጠራው፣ ሙያውን የያዘው ቁስል እያጠበ ነው። ሥራውና ትምህርቱ መቼና በማን እጅ እንደተፋቱ ባለሙያዎቹ ይንገሩን፤ እኔ ያየሁት ፍቺው በአንዲት ልጅ ላይ ያደረሰውን ነው።

ሌላውን ስወቅስ ራሴን መዝለል አይገባኝም። በተውኔቶቼ ውስጥ ሆስፒታል አለ። ነርስ ትገባለች፣ «ሐኪሙ መጥተዋል» ትላለች፣ ትወጣለች። ፖፖ ያነሣ ሰው በመድረኬ ላይ አልታየም። አንድ ጊዜ አዘጋጁ አልጋ ገፊ ቢጨምርብኝ፣ ተመልካች ይስቃል ብዬ አስወጣሁት። እንደ ተማሪዎቹ ማለት ነው።

ልጅቱ ከሁለት አንዱን ለመተው አስባ ነበር። ሥራውን ብትተው የትምህርት ክፍያው ይቀራል፤ ትምህርቱን ብትተው ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የዲግሪ ተማሪ ሁሉ የሚቀመጥበት የመውጫ ፈተና ሊደርስላት ጥቂት ወራት ቀርተዋታል። እስካሁን አንዱንም አልተወችም። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቦርሳዋን አንግባ ደረጃውን ስትወርድ እንሰማታለን።

አዛውንቱን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ ነገረችኝ። ከሆስፒታሉ ከመውጣታቸው በፊት በነበረው ሌሊት፣ ሳይጠሯት ሄዳ አጠበቻቸው። አላናገሯትም፤ ፊታቸውን ግን አላዞሩም።

እናቴ በዘጠነኛው ቀን ወደ ቤት ተመለሰች። ልጅቱ ሥራ ላይ ስለነበረች ያወጣናት እኛው ነን፤ በዚያው ወንበር፣ በዚያው አያያዝ፣ እየቆጠርን። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቁጥሩ ተሳስቶብን ቆምን። እናቴ ነጠላውን ራስዋ ጉልበትዋ ላይ አስተካክላ፣ እጆችዋን ከውስጡ እንደ ከተተች፣ «አሥራ ስምንት ነው፤ ቀጥሉ» አለችን።