ጠንቃቃ የተባልኩበት ጉዳይ

ምን አለሽ ተራ የምንውል ሰዎች ሳንመረምር አንገዛም። ቆራሌው የሞተ ኮምፒውተር ሲያመጣልኝ ፈትቼ አያለሁ፣ ብረቱን ከመዳቡ በማግኔት እለያለሁ፣ ኪሎው ላይ እከራከራለሁ። ይህ ሁሉ ለጥቂት ብር ነው። ለዚህም ነው በጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ የሆንኩትን ለራሴ ማስረዳት የሚከብደኝ።

አንዱ አክሲዮን 300 ብር ነበር፤ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር። ከሱቄ ሳልወጣ በቴሌብር መግዛት እችል ነበር። እቁብም ወጥቶልኝ ነበር። አልገዛሁም።

ለጠየቀኝ ሁሉ መልስ ነበረኝ፤ «ኢንቴልን አላያችሁም?» እል ነበር። ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ የቺፕ አምራች ነው፤ ስሙ እኔ ከምፈታቸው ኮምፒውተሮች አይጠፋም። የትርፍ ክፍፍል እንደሚያቆም ባስታወቀ ማግስት፣ ሐምሌ 26 ቀን 2016፣ አክሲዮኑ በአንድ ቀን ከዋጋው ሩብ ያህሉን አጣ። የቆየ ስም ዋስትና አይሆንም ስል ሰው ራሱን ይነቀንቅልኛል። ጠንቃቃ ተባልኩ።

የተናገርኩት እውነት ነው፤ የተውኩት ግን በእሱ ምክንያት አይደለም። የሽያጩን መግለጫ ከፍቼ አላየሁትም። ትርፉ ስንት ነው፣ ዕዳውስ፣ ነገ ልሽጠው ብል ማን ይገዛኛል? ለአሮጌ ቦርድ የማነሳውን ጥያቄ ለዚህ አላነሳሁም። ፈርቼ ነው እል ነበር። ፍርሃትም ነበረበት፤ ሳስበው ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ጎረቤቴ ትንሹን ግዢ ገዝቷል። ከእሱ እኩል በ33 አክሲዮን መግባት ለእኔ አነሰብኝ። ሰው የሚያወራለትን ያህል ልግዛ ብል ደግሞ ገንዘቡ የለኝም። በትንሹ ከመግባት ጨርሶ መቅረቱን መረጥኩ፤ ለዚያም ጥንቃቄ የሚል ስም ሰጠሁት። ከሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው፦ ጎረቤቴ ቢከስር ደስ እንደሚለኝ ልቤ ያውቅ ነበር። ለእሱ ይህን አልነገርኩትም። እንዲህ ያለ ነገር በልቡ ያልደበቀ ሰው ይኖራል ብዬም አላምንም።

ሽያጩ የካቲት 7 ቀን 2017 ተዘጋ። ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ነው፤ የገዛውም ከ47 ሺህ ሰው በላይ ነው። ከቀረነው ውስጥ ገንዘብ ያጣ አለ፣ መርምሮ የተወም አለ። «ጠንቃቃ ነኝ» የምትሉ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሌላ ድርጅት ድርሻውን ሲያቀርብ መግለጫውን አስቀድማችሁ አንብቡ፤ ከዚያ ግዙት ወይም ተዉት።