ከእንሰቱ ሥር የተቀበረው ወርቅ

በግእዝ ቋንቋ «መዝገብ» ማለት የሀብት ማከማቻ፣ የተሰወረ ገንዘብ ማለት ነው። እኔ ግን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ብዙ ዓመት ስሠራ በእጄ ያለፈው መዝገብ ሁሉ ወረቀት ነው፤ በውስጡም የሚገኘው ሀብቱ ሳይሆን ሰዎች በሀብት ምክንያት የተጣሉት ጠብ ነው። ዛሬ ለተከበራችሁ የዚህ ገጽ አንባብያን የማቀርበው ታሪክ ግን ከፍርድ ቤት መዝገብ የወጣ አይደለም፤ ከገዛ ቤታችን የደረሰ ነው እንጂ። የጻፍሁትም ራሴን ለማመስገን አይደለም፤ ጥፋቱ ከእኔ የጀመረ ስለ ሆነ ሌላው ቤተ ሰብ ከዚህ ተምሮ ከጉዳት እንዲድን ብዬ ነው።

በልጅነቴ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ገብቼ ዳዊት ደግሜአለሁ፤ ጥቂት ቅኔም ተምሬአለሁ። ቀጥሎ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሒሳብና የውጭ አገር ቋንቋ ተማርሁ። የፊተኛው ትምህርት ቤት ቃል ሁሉ ሰምና ወርቅ ሊኖረው እንደሚችል አሳየኝ፤ የኋለኛው ደግሞ ሳይለኩና ሳይመረምሩ መናገር ነውር መሆኑን አስተማረኝ። ሁለቱንም የተማርሁ ሰው ሆኜ ሳለሁ አንድ ቀን የፊተኛውን ብቻ አስቤ የኋለኛውን ረሳሁ፤ ከዚህም የተነሣ የሚቀጥለው ነገር ሁሉ ደረሰ።

አባታችን ካረፈ ዓመት ከሞላው በኋላ ታናሽ ወንድሜ ከጉንችሬ ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ያለውን የአባታችንን ጎጆ ክዳን ማደስ ጀመረ። ክዳኑንም ሲያፈርስ ጢስ ያጠቈረው የቆዳ ማኅደር ከምሰሶው አናት ላይ ታስሮ አገኘ። በማኅደሩም ውስጥ የተጠቀለለ ረዥም ብራና ነበረ። በብራናው ራስጌ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ፣ በመካከሉ ባለ ስምንት ጨረር ኮከብና በኮከቡ ልብ የሰው ፊት፣ በግርጌውም ዐይን የበዛበት መረብ ተሥሎአል። በሥዕሎቹ መካከል የግእዝ ጸሎት አለ፤ በጀርባው ግን በአማርኛ ሁለት ስንኝ ብቻ ተጽፎአል።

ወንድሜ ወዲያው በስልክ ጠራኝና «ጋሼ፣ አንተ ቅኔ ዐዋቂ ነህ፤ ይህን ፍታልኝ» ብሎ ግጥሙን አነበበልኝ። ግጥሙም ይህ ነው።

ሦስት ወርቅ ቀበረች ከእንሰቱ ሥር፣
አራተኛው ይቅር፣ አራተኛው ይኑር።

በዚያን ሰዓት ከሥራ ጓደኞቼ ጋራ ቡና ስጠጣ ነበርሁ። እንደ መምህር ድምፄን ከፍ አድርጌ «ይህማ ግልጥ ነው! ሦስት ወርቅ ከእንሰቱ ሥር ተቀብሮአል፤ አራተኛው ሳይቀበር ቀርቶአል ማለት ነው» አልሁት። ጓደኞቼም ስለ ሣቁና ስለ አደነቁኝ ደስ አለኝ፤ ነገሩንም እንደ ጨዋታ ቈጥሬ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። ያን ቀን የተናገርሁት ሰሙን ብቻ ነበረ፤ ወርቁን አልፈለግሁትም።

ወንድሜ ግን ነገሩን እንደ ጨዋታ አላየውም። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ድል ሆኖ ሲወጣ ወርቁን በየስፍራው ቀብሮ ሄደ የሚል ወሬ በብዙ አገር ይነገራል፤ ይህንንም ወሬ ይዘው የሰው ገንዘብ የሚበሉ አታላዮች አይጠፉም። ወንድሜም ብራናውን ይዞ «የተሰወረ ሥዕልና ጽሑፍ እፈታለሁ» ወደሚል ሰው ሄደ። ያ ሰው የመልአኩ ሰይፍ አቅጣጫውን፣ ሁለቱ ዐይኖች ሁለት ምንጮችን፣ የኮከቡ ስምንት ጨረር ስምንት እርምጃን እንደሚያመለክት ነገረው። «ሦስቱ ወርቅ ሦስት ማሰሮ ነው፤ አራተኛው ይቅር የተባለው ደግሞ ለቦታው ጠባቂ የሚቀር ድርሻ ነው» ብሎም ለራሱ የትርጓሜ ዋጋና ለጠባቂው መሥዋዕት 12,000 ብር ተቀበለው። ብሩም ለአባታችን ሙት ዓመት ከተዋጣው የተረፈ ነበረ።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ ለወንድሜ እውነት የመሰለበት አንድ ምክንያት ነበረ። አያታችን በሕይወት ሳለች ከጓሮው በስተ ምሥራቅ ካለው ስፍራ ለምግብ እንሰት እንዳይነቀል ትከለክል ነበር፤ አባታችንም ምክንያቱን ሳይነግረን እስኪሞት ድረስ ይህን ትእዛዝ ጠብቆአል። ወንድሜ ይህን ለአታላዩ በነገረው ጊዜ ሰውዬው እጁን አጨብጭቦ «ይኸው ምስክር!» አለው። እንዲህ ያለ ሰው የሚያውቀው ነገር የለውም፤ ከጠያቂው አፍ የሰማውን በሌላ ልብስ አልብሶ ይመልሳል እንጂ።

በሐምሌ ወር ዝናቡ መሬቱን ባለሰለሰ ጊዜ ወንድሜ ሁለት ጐረምሶች ቀጥሮ መቈፈር ጀመረ። እንሰት ተተክሎ ለቆጮ እስኪደርስ ብዙ ዓመት የሚያስጠብቅ ተክል መሆኑን በአገራችን የማያውቅ የለም፤ እርሱ ግን በሁለት ቀን 14 እንሰት ነቅሎ ጣለ። በሁለተኛው ቀን ማታ ዶማው ድንጋይ ነካ። አፈሩ ሲጠረግ ጐን ለጐን የተጋደሙ ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ታዩ። ድንጋዮቹም ትንንሾች ነበሩ፤ አንዱ ከእንጀራ ምጣድ አይሰፋም።

በዚያን ጊዜ አክስታችን፣ የአባታችን ታናሽ እኅት፣ ጩኸቱን ሰምታ መጣች። ዕድሜዋ ከ70 ዓመት በላይ ነው። ጕድጓዱን ባየች ጊዜ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከጭቃው ላይ ተቀመጠች፤ ማንም ሊያስነሣት አልቻለም። አንድ ልጅ ልካ እኔን አስጠራችኝ። በማግሥቱ ጧት ስደርስ እንሰቶቹ ተጋድመው፣ ወንድሜም ዶማውን ይዞ ቆሞ አገኘሁት። ልቈጣው አፌን ስከፍት ቀደመኝና «ጋሼ፣ ወርቅ አለ ብለህ የነገርኸኝ አንተ አይደለህም እንዴ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። በፍርድ ቤት ስንት ሰው መልስ ሲያጣ ቃሉን ጽፌአለሁ፤ የራሴ ዝምታ ግን ከሁሉ ከበደኝ።

አክስታችንም እንዲህ ስትል ነገረችን። «ልጆቼ፣ እናቴ ከአባታችሁ በፊት ሦስት ልጆች ወልዳ ነበር። ሦስቱም ክርስትና ሳይነሡ በአራስነታቸው ሞቱባት። ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይቀበርምና በጓሮ ቀበረቻቸው። አራተኛውን ባረገዘች ጊዜ ከጎጃም የመጣ አንድ ደብተራ በመንደሩ ያልፍ ነበርና ይህን ክታብ ጻፈላት። አራተኛው ልጅ አባታችሁ ነው።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ብራናውን ተቀብዬ መጀመሪያ ላደርገው የሚገባኝን ያን ጊዜ አደረግሁ፤ ተቀምጬ ከራስጌው እስከ ግርጌው አነበብሁት። በጸሎቱ መካከል በቀይ ቀለም አንድ የሴት የክርስትና ስም አምስት ጊዜ ተጽፎአል፤ የአያታችን ስም ነው። ጸሎቱም ስለ ሾተላይና በማኅፀን ስላለው ፅንስ ነው። ግርጌው ላይ ያለው መረብ «መርበብተ ሰሎሞን» ከሚባለው ጸሎት ጋራ የሚሄድ ነው፤ ይኸውም ንጉሥ ሰሎሞን አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ ያዘ የሚለው ነው። የመልአኩም ሰይፍ፣ የበዙትም ዐይኖች ክፉ መንፈስን ለማስደንገጥ የተሣሉ ናቸው እንጂ የመሬት ምልክት አይደሉም።

ደግሞም እንዲህ ያለ ክታብ በልማዱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጃል፤ ከራስ እስከ እግር ይጠብቃል ተብሎ ስለሚታመን ነው። በሜትር ስለካው 1 ሜትር ከ63 ሳንቲ ሜትር ሆነ። አክስታችን ተነሥታ ብራናውን ከእግሯ ጀምራ በአካሏ ላይ ዘረጋችው፤ ከራሷም በላይ ሁለት ጣት ያህል ተረፈ። «አዎን፣ እናቴ በዚህ ያህል ትበልጠኝ ነበር» አለችና ብራናውን ሳመችው።

እንግዲህ የግጥሙ ወርቅ ይህ ነበረ። ሦስቱ ወርቅ ሦስቱ ልጆች ናቸው። «ይቅር» ማለትም «ይተው» ማለት ሳይሆን «አይሂድብኝ፣ ከእኔ ጋራ ይቅርልኝ» ማለት ነው። ደብተራው የአንዲትን እናት ልመና በሁለት ስንኝ ጻፈላት፤ እኔ የልጅ ልጇ ግን ቡና እየጠጣሁ የገንዘብ ነገር አደረግሁት።

ሾተላይ ስለሚባለው ነገር ለእናቶች አንድ ቃል ልጨምር። ተከታታይ ልጆች ከሚሞቱበት ምክንያት አንዱ የእናቲቱና የፅንሱ የደም ዓይነት አለመስማማት መሆኑን ሐኪሞች ደርሰውበታል። ደሟ አር ኤች ኔጌቲቭ የሆነ እናት በእርግዝናዋ 28ኛ ሳምንት ገደማ፣ ልጁም ደሙ ፖዚቲቭ ሆኖ ከተወለደ እስከ 72 ሰዓት ድረስ መርፌ ብትወጋ ለሚቀጥለው ልጅ ይህ ጉዳት ይከለከላል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት ሁሉ የደሟን ዓይነት በጊዜ ታስመርምር። አያታችን ይህ መድኀኒት ሳይገኝ የኖረች ናት፤ የዛሬ እናቶች ግን አግኝተውታል።

ምልክትን ሁሉ የሀብት ካርታ አድርጎ ማየት በእኛ ቤት ብቻ የደረሰ ስሕተት አይደለም። በምሥራቅ ጉራጌ ዞን በሶዶ ወረዳ የሚገኙትን የጢያ ትክል ድንጋዮች እንመልከት። በስፍራው 36 ሐውልቶች አሉ፤ ከእነርሱም 32ቱ ሰይፍና ሌላም ምልክት የተቀረጸባቸው ናቸው። በ1980 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። የአገሩ ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ሲላቸው ኖሮአል፤ አጥኚዎች ግን ከግራኝ ዘመን የሚቀድሙ መሆናቸውን ገልጠዋል። የምልክቶቹ ትርጓሜ አብዛኛው እስከ ዛሬ ተፈትቶ አላለቀም። ሊቃውንት በሥርዓት ቈፍረው ከሥራቸው ያገኙት ግን የተቀበሩ ሰዎችን አጥንት ነው። ሰይፉ ወደ ወርቅ የሚመራ ሳይሆን በሞተ ሰው ራስጌ የቆመ ምልክት ነበረ።

በእርግጥ ለጨዋታ ተብሎ በሥዕልና በግጥም የተሰወረ ሀብት በዓለም አለ። ባይረን ፕራይስ የሚባል አሜሪካዊ በ1982 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር 12 ሥዕልና 12 ግጥም ያለበት መጽሐፍ አሳተመ፤ ሥዕሎቹን የሣለው ጆን ጁድ ፓሌንካር ነው። ፕራይስ 12 የሸክላ ሣጥኖች በልዩ ልዩ ከተሞች ቀብሮ፣ አንዱን ሣጥን ላገኘ ሰው የከበረ ድንጋይ ሊሰጥ ቃል ገባ። የመጀመሪያው በ1983 በቺካጎ፣ ሁለተኛው በ2004 በክሊቭላንድ፣ ሦስተኛው በ2019 በቦስተን ተገኘ። ፕራይስ ራሱ በ2005 በመኪና አደጋ ሞተ፤ የቀሩትንም ስፍራ ለሕዝብ ሳይገልጥ ሄደ። እንግዲህ አስቡት፤ ሰው እንዲያገኘው ፈልጎ በሠራው እንቈቅልሽ እንኳ በ37 ዓመት የተገኘው ከ12 ሦስት ብቻ ከሆነ፣ ለጸሎት ከተሣለ ሥዕልና ለሐዘን ከተጻፈ ግጥም ወርቅ መፈለግ እንዴት ያለ ከንቱ ድካም ነው!

ሕጉንም ማወቅ ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ50 ዓመት በላይ ተቀብሮ የኖረና ባለቤትነቱን ማንም ሊያስረዳ ያልቻለ ሀብት ለተገኘበት ነገር ባለቤት እንደሚሆን ይናገራል። ቅርስ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቈፈርን ይከለክላል፤ ሳያስበው ቅርስ ያገኘ ሰውም ሳይነካ ጠብቆ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ወዲያው እንዲያስታውቅ ያዝዛል።

በቤታችን የሆነው መጨረሻ ይህ ነው። ሦስቱ ድንጋዮች ሳይነሡ አፈሩ ተመለሰባቸው። ካህን ጠርተን ጸሎት አስደረግን። 12,000 ብሩ ከአታላዩ እጅ አልተመለሰም፤ ግማሹን ወንድሜ፣ ግማሹን እኔ ለቤተ ሰቡ ከፈልን፤ እርሱ ስለ ቈፈረ፣ እኔም ስለ ተረጐምሁ። ለመስቀል በዓል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ከአዲስ አበባ በመጡ ጊዜ የተነቀለውን ስፍራ አይተው ጠየቁን፤ ሁለታችንም ሳንሸሽግ ነገርናቸው። በበጋው ማብቂያ ወንድሜ 14 ችግኝ ተከለ። አክስታችንም በአጠገቡ ቆማ ወዴት ወዴት እንዲተክል በበትሯ ታሳየው ነበር።

በመዝገብ ቤት አንድ ጽሑፍ ሲቀርብልን ከትርጓሜው በፊት ሦስት ነገር እንጠይቃለን፤ ማን ጻፈው? ለማን ተጻፈ? መቼ ተጻፈ? እናንተም ከአባቶቻችሁ ቤት ብራና ወይም ሥዕል ብታገኙ ወደ አታላይ አትሩጡ፤ በቤታችሁ ያለችውን አሮጊት አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ አክስቴን አንድ ቀን ቀድሜ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ፣ በጭቃ ላይ ተቀምጣ አላያትም ነበር።