ጭዱን ይዩት

ከአቡ ዳቢ እስከ አል ዐይን ያለውን 150 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አብዛኛውን ተኝቼ አለፍኩት። የነቃሁት ባለ ታክሲው ሌላ ምሽግ በር ላይ አውርዶኝ ስንጨቃጨቅ ነው። «ይሄም ምሽግ ነው» አለኝ። በዚያ ፀሐይ ግማሽ ሰዓት በእግሬ ተጓዝኩ፤ አል ጃሂሊ ምሽግ ስደርስ ሰላምታ እንኳ የሚወጣኝ አልነበረም።

የአክስቴ ልጅ ቀድማኝ ቆማለች። እዚሁ ከተማ ሰው ቤት ትሠራለች፤ የዕረፍት ቀኗ ነው።

አመጣጤ አብዱራህማን መኽሉፍ የሚባል ግብፃዊ የሠራበትን አገር ለማየት ነበር። ካይሮ ተምሮ፣ ሙኒክ ዶክትሬቱን ይዞ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 አቡ ዳቢ ገባና የመንግሥት የከተማ ፕላን ኃላፊ ሆነ። እንግሊዝ ገና ከአካባቢው አልወጣችም፤ የወጣችው በ1971 ነው። የአቡ ዳቢ ገዥ ሼክ ዛይድ ሐሳባቸውን አሸዋ ላይ በዱላ እየጫሩ ያሳዩት ነበር ይባላል። እነዚያ ቀጥ ያሉ የአቡ ዳቢ መንገዶች የእሱ እጅ አለባቸው። አሸዋ ላይ ገና ላልመጣ ሕዝብ ጎዳና መቀየስ! ሳስበው ይገርመኛል።

ምሽጉ ግን ሐሳቤን ነጠቀኝ። በ1890ዎቹ በቀዳማዊ ዛይድ ዘመን የተሠራ ነው፤ ክቡ ግንብ እንደ እንጀራ ድርብርብ ወደ ላይ እየጠበበ ይወጣል። በ1950ዎቹ በእንግሊዝ መኮንኖች የሚመራ ጦር ሰፍሮበታል። አንዱ ክፍል ውስጥ የዊልፍሬድ ቴሲጀር ፎቶዎች አሉ፤ ያ የበረሃ ተጓዥ በ1910 የተወለደው አዲስ አበባ፣ እንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ ነው። የአገሬን ስም እዚያ ሳገኝ ንዴቴ ለቀቀኝ።

ልጅቷ ፎቶዎቹን ትታ ግድግዳውን ትዳብሳለች።

«ጋሼ፣ ጭዱን ይዩት! ይሄ የኛ ቤት ምርግ ነው እኮ።»

እጄን አሳረፍኩ፤ ቀዝቃዛ ነው። በ2007 እና በ2008 ሲታደስ ቀዝቃዛ ውኃ የሚያመላልስ ቧንቧ ከልስኑ ሥር ቀብረውበታል። ፊቱ ላይ ግን ጭዱ አንድ በአንድ ይታያል፣ ወሎ የአያቴ ጎጆ ላይ እንደማውቀው።

ስልኳን አውጥታ እናቷ ጋ ደወለች፤ ካሜራውን ግድግዳው ላይ ደቀነች። አክስቴ ዝም ብላ ስታይ ቆየች።

«ጭቃው በደንብ የቦካ ነው» አለች። «ማን ነው የረገጠው?»