ከቲሲፒና ከዩዲፒ የትኛው ይሻላል?

በኮምፒዩተር ክበባችን ዘንድሮ ከተደረጉት ክርክሮች አንዱ ይህ የጽሑፌ አርእስት የሆነው ጥያቄ ነበር። እኔ የተመደብሁት ለቲሲፒ ከሚከራከሩት ወገን ሲሆን ፍርዱም ለኛ ሆነ። ይሁን እንጂ ጥያቄው ራሱ እንዲህ መጠየቅ አልነበረበትም የሚል ሐሳብ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስላልተወኝ፣ በመድረኩ ላይ ጊዜ ያልበቃኝን ነገር በዚህ መጽሔት ለመጻፍ ፈቀድሁ።

አስቀድሜ ነገሩን ለማያውቁት አንባቢዎች ጥቂት ልግለጽ። በኮምፒዩተር መረብ የሚሄድ ሁሉ፣ ጽሑፍም ሆነ ሥዕል ወይም ድምፅ፣ በትናንሽ ጥቅል እየተከፋፈለ ይላካል። ጥቅሎቹ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ሲተላለፉ አንዳንዱ በመንገድ ይጠፋል፤ አንዳንዱም ከኋላ ተነሥቶ ቀድሞ ይደርሳል። መረቡ ራሱ ለዚህ ዋስ አይሆንም። ዋስ የሚሆነው ቲሲፒ የተባለው ደንብ ነው። ይኸውም ሥራውን ሳይጀምር ላኪው «እንነጋገር?» ይላል፤ ተቀባዩ «እሺ፤ እኔም ልናገር?» ይላል፤ ላኪውም «እሺ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያም ለሚልከው ሁሉ ቁጥር ይሰጣል፣ ደረሰኝ ይጠብቃል፣ ደረሰኝ ያልመጣለትን ደግሞ ይልካል። ተቀባዩ በበኩሉ የጎደለው እስኪሞላ ድረስ ከኋላ የመጣውን ይዞ ይቆያል እንጂ ለባለጉዳዩ አያስረክብም። በፖስታ ቤት ተፈርሞበት የሚሄደውን የአደራ ደብዳቤ ይመስላል። ዩዲፒ ግን ከጋራ ወደ ጋራ እንደሚጣራ የባላገር ሰው ነው። ድምፁን ይለቃል፤ ተሰማ አልተሰማ ብሎ አይጠይቅም። በየጥቅሉ ራስ ላይ የሚጽፈው መግለጫ እንኳ 8 ባይት ብቻ ሲሆን የቲሲፒው ከ20 ባይት አያንስም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ቲሲፒን የማይመርጥ ማን ነው? ብሔራዊው የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለተማሪዎች ከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ስለ ጀመረ፣ ይህ ጉዳይ ለኛ ለተፈታኞች የጨዋታ ነገር አይደለም። የመለስሁት አንድ ፊደል በመንገድ ቢቀር የዩኒቨርሲቲ ደጅ ሊዘጋብኝ ይችላል፤ ሁለት ሴኮንድ ቢዘገይ ግን ማንም አይጎዳም። በክርክሩም ላይ ይህን ምሳሌ አቅርቤ ብዙ ጭብጨባ አግኝቻለሁ።

ነገር ግን በቤታችን ሌላ ምሳሌ አለ። ታላቅ እኅቴ ቤይሩት ውስጥ በሰው ቤት ታገለግላለች። የምትደውለው ማታ፣ አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ ነው። እናቴ ስልኩን በሁለት እጅ ይዛ «ደኅና ነሽ ልጄ?» ብላ ትጠይቃታለች። የእናቴ ጆሮ የሚያዳምጠው መልሱን ብቻ አይደለም፤ መልሱ ከመምጣቱ በፊት ያለውን ዝምታም ጭምር ነው። ፈጥኖ የመጣ «ደኅና ነኝ» ያሳርፋታል፤ ዘግይቶ የመጣ «ደኅና ነኝ» ግን ሌሊቱን እንቅልፍ ይነሣታል።

እንግዲህ በዚህ ጊዜ የሚሆነውን እንመልከት። ድምፅ ብዙውን ጊዜ የሚላከው በሴኮንድ ሃምሳ ቦታ ተቆራርጦ ነው። በቲሲፒ ቢላክና አንዷ ቁራጭ ብትጠፋ፣ እርስዋ እንደ ገና ተልካ እስክትመጣ ድረስ ሌሎቹ ሁሉ በር ላይ ይቆማሉ። መረቡ የፈጠረው ዝምታ የእኅቴ ዝምታ መስሎ ይሰማል ማለት ነው። በዩዲፒ ግን የጠፋችው ትቀራለች፣ ተከታይዋም በጊዜዋ ትደርሳለች፤ የሃምሳኛ ሴኮንድ ጉድለት ደግሞ ለሰው ጆሮ ብዙም አይታወቅም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለመልካም ንግግር የአንድ ወገን መዘግየት ከ150 ሚሊሴኮንድ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። እናቴ ይህን ቁጥር አታውቀውም፤ ልኩን ግን ታውቀዋለች።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ቪንተን ሰርፍና ሮበርት ካን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. ሐሳባቸውን ባሳተሙ ጊዜ ደንቡ አንድ ብቻ ነበር። ድምፅ በመረብ ለመላክ ይደክሙ የነበሩት ሰዎች ግን፣ ከነርሱም ዳኒ ኮኸን አንዱ ናቸው፣ ጠባቂ መሆን ለእነርሱ ሥራ እንደማይበጅ ተከራከሩ። ስለዚህ ጥቅሉን ወደ አድራሻው የመምራቱ ሥራ አይፒ ለተባለው ደንብ ተለይቶ ተሰጠ፤ በ1980 ዓ.ም. ደግሞ ጆን ፖስቴል ዩዲፒን በሦስት ገጽ ብቻ ጽፈው አወጡት። ለአንድ የዓለም ደንብ ሦስት ገጽ መብቃቱ ያስደንቀኛል፤ የኛ የክበብ መተዳደሪያ እንኳ ከዚያ ይረዝማል።

ዩዲፒን የመረጠ ሰው ግን ያለ ሸክም አይቀርም። በ1986 ዓ.ም. በአሜሪካ ከሎረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ እስከ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ባለው አጭር መንገድ ላይ ጥቅሎች ተጨናንቀው፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ32,000 ቢት ወደ 40 ቢት ወርዶ ነበር። ቫን ጃኮብሰን የተባሉ ሊቅ ቲሲፒን መንገድ ሲጠብ ቀስ እንዲል አስተማሩት። ዩዲፒ ይህን ትምህርት አልተማረም። ስለዚህ ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው ራሱ ቁጥቡን ማበጀት አለበት፤ አለዚያ የጎረቤቱን መንገድ ይዘጋል። በ2021 ዓ.ም. ደንቡ የጸደቀለት ኪዊክ የተባለው አዲስ መንገድ ይህን ሁሉ ሸክም በዩዲፒ ጀርባ ላይ ጭኗል። ደረሰኝም፣ ቁጥብነትም አለው፤ የአንዱ ጉዳይ ጥቅል ቢጠፋ ግን የሌላውን ጉዳይ አያስቆምም። ተከራካሪዎቻችን ይህን አንሥተው ቢሆን ኖሮ ፍርዱ ለኛ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው የትኛው ይሻላል ብዬ ሳይሆን፣ የዘገየው ቃል ሲደርስ የሚጠብቀው ሰው አለ ወይ ብዬ ነው። እኅቴ መደወል ባልተመቻት ቀን ድምፅዋን ቀድታ ትልካለች። ድምፁ ያው የእርስዋ ድምፅ ነው፣ ስልኩም ያው ስልክ ነው፤ ለዚህ ግን ቲሲፒን እመርጣለሁ። እናቴ የምትከፍተው ጧት ቡና እየቆላች ስለሆነ ሌሊት ሁለት ደቂቃ ቢዘገይ አታውቀውም፤ ሦስት ጊዜ ደጋግማ ስለምትሰማው ግን አንዲት ቃል ብትጎድል ታውቃለች።