«ሁሉም ይቀየር» የሚል መካኒክ አልወድም

መኪና የሌላት ልጅ ስለ መኪና እግር ልትጽፍ ነው ብላችሁ አትሳቁ። የጋዜጠኝነት ተመራቂ ነኝ፣ መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ መኪና የለኝም፣ በዚህ ደመወዝ የሚኖረኝም አይመስለኝም። ግን ባለፈው ጥቅምት ሦስት ሙሉ ቀን ያሳለፍኩት ጋራዥ ውስጥ፣ ከአንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ሥር እያጎነበስኩ ነው። ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊቴ የሚሄድ መኪና ሁሉ ጎማው ሲወዛወዝ ይታየኛል። (ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ጋቢና መቀመጥ ትቻለሁ። እሱ ሌላ ቀን ይጻፋል።)

መኪናው የአጎቴ ነው። እ.ኤ.አ. የ1994 ምርት ሎንግ ቤዝ፣ 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ፣ ፊቱም ኋላውም ባሌስትራ ላይ የተቀመጠ፣ ከአንድ የዕርዳታ ድርጅት ጨረታ የተገዛ። በዕድሜ ይበልጠኛል። አጎቴ የሚኖሩት ከአጋሮ ወጣ ብሎ ነው። ቡና ሲደርስ ቡና ይጭኑበታል፣ በገበያ ቀን ሰው ይጭኑበታል። ሌሊት ደግሞ በራቸው ይንኳኳል፤ ምጥ የጠናባት ሴት አለች፣ አምቡላንሱ ሌላ ቦታ ሄዷል፣ ጅማ መድረስ አለባት። ስለዚህ ይህ መኪና «ቆንጆ አሮጌ ላንድክሩዘር» እያላችሁ ፎቶ የምታነሡት ዓይነት ጌጥ አይደለም።

«ሸጠው አዲስ አይገዙም?» ለምትሉኝ፦ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ የጣለውን ጫና ታስታውሳላችሁ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው ሰማይ የነካው በከንቱ አይደለም። ያለውን ጠግኖ መኖር ነው።

አጎቴ በስልክ ያሉኝ «መሪው ይማታብኛል» ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ሲደርሱ ነው ሙሉውን የሰማሁት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄዱ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ መሪው ከእጃቸው ሊያመልጥ እስኪደርስ ድረስ ግራና ቀኝ ይርገበገባል፤ መኪናው ሊቆም እስኪቃረብ ድረስም አይተውም። ሲመጡ ወደ ጊቤ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ አንዴ እንደዚያ ሆኖባቸዋል። አያቴ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። አያቴ እስከ ወልቂጤ ቃል አልተነፈሱም አሉ፤ አያቴን ለሚያውቅ ይህ ከባድ ዜና ነው።

የመጀመሪያው ጋራዥ ስሙን አልጠራም። ባለሙያው መኪናውን አልነዳውም፣ ሥሩም አልገባም። ሁለት ደቂቃ ሰማና ወረቀት አውጥቶ አሥራ አንድ ዕቃ ጻፈ። አራቱም የታይ ሮድ ጫፎች፣ የሁለቱም ጎማ ኩሽኔታዎች፣ ሾክ አብዞርበሮች፣ የባሌስትራ ጎሚኒዎች፣ የመሪ ሳጥን… ማብራሪያውን የሰጠው አብሮን ለነበረው የአክስቴ ልጅ ነው፤ የአክስቴ ልጅ ደግሞ ጎማ መቀየር እንኳ አያውቅም። እኔ ስጠይቀው «አንቺ ሻይ ጠጪ» አለኝ። ሻይ አልጠጣሁም። «ከእነዚህ ውስጥ መሪውን የሚያንቀጠቅጠው የትኛው ነው?» ብዬ ደገምኩ። «ሁሉም ይቀየር፤ ያኔ ይጠፋል» አለ።

ይህን መልስ ብዙ ሰው እንደ ጥንቃቄ ያየዋል። እኔ ግን አለመመርመር ነው የምለው። አሥራ አንድ ዕቃ ቀይሮ በሽታው የጠፋለት ሰው መኪናው ምን እንደነበረበት አያውቅም፤ በዓመቱ ሲመለስበትም ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ካልጠፋለት ደግሞ ገንዘቡም አልቋል።

ሁለተኛው ምክር በርካሽ መጣ፤ እሱ የባሰ ነው። አንድ የሠፈር አዋቂ «የመሪ ዳምፐሩን ብቻ ቀይሩ፣ ጸጥ ይላል» አለን። የመሪ ዳምፐር ከመሪው ዘንግ ጋር የተያያዘ ትንሽ ሾክ አብዞርበር ነው፤ ከመንገድ የሚመጣውን ምት ያበርዳል። እውነቱን ነው፣ አዲስ ቢገጠም መንቀጥቀጡ ለጊዜው ሊጠፋ ይችላል። የላላው ነገር ግን እንደላላ ነው። እየላላ ይቀጥላል፤ ብቻ አሁን አይነግራችሁም። ጊቤ ላይ አጎቴን ያስደነገጣቸው ያ መርገብገብ ቢያንስ መኪናው ራሱ የሰጠው ማስጠንቀቂያ ነበር። እሱን ዝም አሰኝቶ ምጥ የያዛት ሴት መጫን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ሦስተኛው ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ጋራዣቸው ምልክት እንኳ የለውም። ቁልፍ ከማንሣታቸው በፊት አጎቴን ጠየቁ፦ «በስንት ፍጥነት ነው የሚጀምርዎት? አስፋልቱ ልሙጥ ሆኖ ነው ወይስ ጉድጓድ ሲመታ? ፍሬን ሲይዙ ይብሳል?» እኔ አራት ዓመት «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት» ስባል የኖርኩ ልጅ ልስማቸው ምንም አልቀረኝም። ልሙጥ መንገድ ላይ በአንድ ፍጥነት ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጎማ ባላንስ ነው አሉን። ምት ተቀብሎ እምቢ አልቆምም የሚል ግን አንድ ቦታ ላልቷል።

ነገሩ እንዲገባችሁ የዚህን መኪና የፊት እግር ልንገራችሁ። እንደ ቪትዝ ግራና ቀኙ ለየብቻ አይንቀሳቀስም፤ ከጎማ እስከ ጎማ አንድ ወጥ አክስል ነው። በአክስሉ ጫፍ ትልቅ ኳስ የመሰለ ብረት አለ። ያንን ኳስ አቅፎ፣ ጎማውን ይዞ፣ ወደ ግራና ቀኝ የሚዞረው ክፍል ናክል ይባላል። ናክሉ የሚዞረው ከላይና ከታች በተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ኩሽኔታዎች ላይ ነው። ሁለቱን ናክሎች አንድ ረጅም ዘንግ ያስተሳስራቸዋል፤ እሱ ታይ ሮድ ነው። ሌላ ዘንግ ደግሞ የመሪውን ትእዛዝ ከመሪ ሳጥኑ ያመጣል። ሁለት ዘንግ፣ አራት ጫፍ። ግራው ጎማ ሲመታ ቀኙም በዘንጉ በኩል ይመታል፤ መሃል ላይ የላላ ነገር ካለ ሁለቱ ጎማዎች እየተቀባበሉ ይወዛወዛሉ።

ሽማግሌው የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ደገፉ፣ የእጅ ፍሬን አስያዙ፣ ሞተሩን አስነሡ፣ መኪናው በራሱ እግር መሬት ላይ እንደቆመ ሥሩ ገቡ። አጎቴ መሪውን በጥቂቱ፣ የሁለት ጣት ስፋት ያህል፣ ግራ ቀኝ እንዲሉት አደረጉ። «ነይ ልጄ፣ እጅሽን እዚህ አድርጊ» አሉኝ። ጣቴን መገጣጠሚያው ላይ ጣል አድርጌ ያዝኩ። ጤነኛ ጫፍ ላይ ዘንጉና የተያያዘበት ክንድ አንድ ላይ ይሄዳሉ። የታመመው ላይ ዘንጉ ይቀድማል፣ ክንዱ ትንሽ ቆይቶ ይከተላል፤ ያቺ መዘግየት ጣት ላይ ጠቅ ትላለች። ከአራቱ ጫፎች አንዱ ብቻ ነበር ጠቅ ያለው። አንዱ! ወረቀቱ ላይ አራቱም ተጽፈው ነበር።

ከዚያ አክስሉን በክሪክ አነሡና የብረት ድጋፍ አስገቡ (ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ ይህን ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢጠፋባችሁ እንኳ ያዙልኝ)። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወዘወዙት። ግራውም ቀኙም ላልቷል። እኔ ልቤ ወረደ፤ «የጎማ ኩሽኔታ» ብሎ የጻፈው ሰውዬ ልክ ነበር ማለት ነው ብዬ። ሽማግሌው ግን አጎቴን «ፍሬን ይርገጡልኝ» አሏቸው። ፍሬን ሲያዝ ጎማውና ናክሉ ተያይዘው እንደ አንድ ዕቃ ይሆናሉ፤ በመካከላቸው ያለው የጎማ ኩሽኔታ መላላት አይታይም። በቀኝ በኩል ፍሬን ሲረገጥ መወዝወዙ ጠፋ። እንግዲያው የላላው የጎማ ኩሽኔታ ነው፤ ፈትቶ አይቶ፣ ጤነኛ ከሆነ ግሪስ ሞልቶ ማጥበቅ ይበቃል። በግራ በኩል ፍሬን ተረግጦም ይወዛወዛል። እዚያ የላላው ከናክሉ በታች ነው፣ ናክሉ ራሱ የሚዞርባቸው ትንንሾቹ ኩሽኔታዎች። ወረቀቱ ላይ እነሱ አልነበሩም። አሥራ አንዱንም ገዝተን ብንገጥም ኖሮ አጎቴ ወደ ጊቤ የሚመለሱት ያንኑ በሽታ ይዘው ነበር።

የግራው ናክል ሲፈታ ግሪሱ ግሪስ አልነበረም፤ ሾርባ ነበር። በውስጥ በኩል ያለው የዘይት መከላከያ ጎማ አርጅቶ የዲፈረንሻሉ ዘይት እየገባ ግሪሱን አቅጥኖታል። የታችኛው ኩሽኔታ የተቀመጠበት ቀለበት ላይ በጥፍር የሚዳሰሱ ጥርስ የመሰሉ ጉድጓዶች ተደርድረዋል። ሽማግሌው ያስረዱኝ ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል፦ የጎማ ኩሽኔታ ሙሉ ዙር ስለሚዞር እኩል ያልቃል፤ የናክል ኩሽኔታ ግን መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ አይዞርም ማለት ይቻላል፤ የመንገዱን ምት ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ተቀምጦ ነው የሚቀበለው። እና እዚያው ቦታ ላይ ይቦረቦራል።

ለመለዋወጫ ሶማሌ ተራ ሄድን። ሁሉም «ኦርጅናል ነው» ይላችኋል፤ ያ ቃል እዚያ ሠፈር ሰላምታ ነው። ሽማግሌው «ካርቶኑን አትመኑ፣ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን አንብቡ፣ ከአሮጌው ጋር አስተያዩ» ብለው ነበርና አሮጌውን ኩሽኔታ በፌስታል ይዤ ዞርኩ። አንዱ ሱቅ ያሳየኝ ካርቶን ላይ የአምራቹ ስም አንድ ፊደል ጎድሎት አገኘሁ። ታይዋን! የአርታኢነት ትምህርቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የቤተሰብ ገንዘብ አዳነ።

መግጠሙ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀ። ከላይ ባለው ክንድና በናክሉ መካከል ስስ የብረት ቅጠሎች ይገባሉ፤ ቅጠል ሲቀነስ ኩሽኔታው ይጠብቃል፣ ሲጨመር ይላላል። ሽማግሌው ይህን በግምት አልሠሩትም። ታይ ሮዱ ሳይገጠም በናክሉ ክንድ ቀዳዳ መንጠቆ ያለው የእጅ ሚዛን አስገብተው ሳቡና ናክሉ መዞር የጀመረበትን ኪሎ አነበቡ። ከልክ በታች ነበር። ቅጠል ቀነሱ፣ ደግመው ሳቡ። ሦስት ጊዜ ፈቱ፣ ሦስት ጊዜ ገጠሙ። አጎቴ «ይበቃል እኮ» ሲሏቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩዋቸውም። አዲሱ የታይ ሮድ ጫፍ ገባ፤ የዳዶው መቆለፊያ ሽቦ ቀዳዳው አልገጥም ሲል ዳዶውን አላላሉም፣ ትንሽ ጨምረው አጠበቁት። በመጨረሻ የሁለቱ ጎማዎች ርቀት ከፊትና ከኋላ በሜትር ተለካና ታይ ሮዱ እየዞረ ተስተካከለ። በዚህ አክስል ላይ አላይመንት ማለት በዋናነት ያ ነው።

ለመጀመሪያው ባለሙያ ፍትሐዊ ልሁን፦ የባሌስትራ ጎሚኒዎቹ እውነትም አልቀዋል። ሽማግሌው በረጅም ብረት ፈልቅቀው አሳዩን። የመሪ ሳጥኑም ጥቂት መላላት አለው። ግን «ጎሚኒው ቡና እስኪሸጥ ይቆይ፣ ሳጥኑን በየጊዜው እዩት፣ እነዚህ ግን ዛሬ» ብለው ቅደም ተከተል ሰጡን። ገንዘብ ለሌለው ሰው ከዕቃው ዝርዝር ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ነው።

አጎቴ ከመመለሳቸው በፊት ወደ ሰበታ ወጥተን ሞከርነው። ሆን ብለው ጉድጓድ ፈልገው መቱ። መሪው አንዴ ነቀነቀና ዝም አለ። ደግመው መቱ። ከኋላ የተቀመጡት አያቴ «አሁን ደግሞ ጉድጓድ መፈለግ ጀመርክ?» አሏቸው።

1000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ የጎማ ኩሽኔታዎቹ እንደገና ይታያሉ፤ አጋሮ ያለ አንድ ልጅ ያየዋል። በፍሬን እንዴት እንደሚለይ በስልክ አስረድቼዋለሁ። «እህቴ፣ መካኒክ ነሽ እንዴ?» አለኝ። ጋዜጠኛ ነኝ አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «እና ጎማውን ከላይና ከታች ነው የምይዘው?» ብሎ ቀጠለ።