መኪናውን ዘንድሮ ማዘዝ ወይስ የከርሞውን ሞዴል መጠበቅ? ከያዮ ሲታይ

በያዮ የመኪና ግዢ ጉዳይ የሚነሳው ቡና ከተሸጠ በኋላ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እሸቱ ተለቅሞ፣ ጀንፈሉ ደርቆ ወደ ነጋዴው ሲሄድ የዓመቱ ገንዘብ በአንድ ጊዜ እጅ ይገባል። ዘንድሮ ማዘዝ ወይም የከርሞውን ሞዴል መጠበቅ የሚለው ውሳኔም በእነዚህ ጥቂት ወራት ውስጥ ይሰጣል። በሌሎች አገሮች ገዢው የሚያመዛዝነው አዲሱ ሞዴል የሚጨምረውን ጥቅምና ያለፈው ዓመት ምርት የሚያገኘውን ቅናሽ ነው። እዚህ ግን ሕጉ፣ የውጭ ምንዛሪውና መንገዱ ከሞዴሉ በፊት ይመጣሉ።

ሕጉ ሁለት ጊዜ ገበያውን ገልብጦታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱም እንዲከብድ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። ነዳጅ ለመግዛት የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ የውሳኔው ዋና ምክንያት ነበር። ስለዚህ ዛሬ ከውጭ አዲስ መኪና ማዘዝ ማለት የኤሌክትሪክ መኪና ማዘዝ ማለት ነው። ለእነዚህ መኪኖች በ2014 ዓ.ም. የተሰጠው የታክስ ማበረታቻ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠሙት 5 በመቶ ቀረጥ ሲጥል፣ ተበታትነው መጥተው እዚህ የሚገጣጠሙትን ከቀረጥ ነፃ አድርጎ ነበር። ማበረታቻ ግን በመመሪያ እንደመጣ በመመሪያ ይነሳል። ሞዴል የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀው በዛሬው የታክስ ስሌት እንዳልሆነ ማወቅ አለበት።

ምንዛሪው ከሕጉ ይበልጥ ፈጣን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አስመጪዎች አስቀድመውም መኪናን በትይዩ ገበያው ምንዛሪ ያሰሉ ስለነበር የልዩነቱ ክብደት በሙሉ በመሸጫ ዋጋው ላይ አልታየም። ቀረጡ ግን በባንኩ ተመን የሚሰላ በመሆኑ ጭማሪው ማምለጫ አልነበረውም። የ20,000 ዶላር መኪና ላይ 15 በመቶው 3,000 ዶላር ነው፤ በ57 ብር 171,000 ብር የነበረው ቀረጥ በ110 ብር 330,000 ይሆናል። መኪናው ያው፣ ሞዴሉም ያው ነው። የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ለዓመታት 7 በመቶ ሆኖ ሲቆይ የዋጋ ንረቱ ከዚያ እጅግ የራቀ ነበር። የቡናውን ብር በባንክ አስቀምጦ መጠበቅ የራሱ ኪሳራ አለው፤ ብዙ ቤተሰብ ደግሞ ይህን ኪሳራ በሒሳቡ ውስጥ አያስገባውም።

እስከዚህ ድረስ ሲታይ ሁሉም ነገር «አሁን እዘዝ» የሚል ይመስላል። መንገዱ ግን ሌላ ይናገራል። ያዮ በበደሌና በመቱ መካከል ያለች፣ ዙሪያዋን በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ በተመዘገበው የቡና ደን ባዮስፌር የተከበበች ከተማ ናት። መቱ በጅማ በኩል ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከዚህ ውስጥ እስከ ጅማ ብቻ ያለው 350 ይጠጋል። በቻይና መለኪያ በአንድ ቻርጅ 500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የተባለ መኪና በዳገትና ቁልቁለት፣ በጭነት ሲነዳ ከ350 እስከ 400 ቢሄድ ነው። ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርድ ሞተሩ የተወሰነ ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ማዶውን ሲወጣ ግን ከመለሰው በላይ ይበላል። ጅማ ላይ ፈጣን ቻርጀር ካልተገኘ በሆቴል ሶኬት መሙላት ግድ ነው። ተራ ሶኬት 2 ኪሎዋት ያህል ስለሚሰጥ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 30 ሰዓት ይፈልጋል። የአንድ ቀን ጉዞ በዚህ መንገድ ሦስት ቀን ይሆናል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ፈጣን ጣቢያ መክፈት የጀመረው በአዲስ አበባ ነው፤ የምዕራቡ መንገድ ያኔ ገና ወረፋ ላይ ነበር።

በአካባቢው ለሚመላለስ ሰው ነገሩ ይገለበጣል። ከበደሌ መቱ ደርሶ መልስ እንኳ ከአንድ ሙሉ ባትሪ አያልፍም። ቤት ውስጥ 7 ኪሎዋት ቻርጀር የሚሸከም ቆጣሪና የኤሌክትሪክ መስመር ካለ፣ ባትሪው በአንድ ሌሊት ይሞላል፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ የአንድ ሌሊት ቻርጅ ለብዙ ቀን ይበቃል። ነዳጅ ከማደያ ጠፍቶ በሃይላንድ ጠርሙስ በእጥፍ በሚሸጥበት ከተማ ይህ ትልቅ ነፃነት ነው። በአዲስ አበባም የአንድ ሊትር ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ማብቂያ ከ100 ብር አልፏል።

የከርሞው ሞዴል በእውነት የሚያመጣው ለውጥም አለ። ቻይና ውስጥ የፋብሪካዎቹ ፉክክር ብርቱ ስለሆነ አዲስ ሞዴል ብዙ ጊዜ ረጅም ርቀት ይዞ በተቀራራቢ ዋጋ ይወጣል። በነዳጅ የሚሄደው ቪትዝ ለዓመታት ዋጋውን ጠብቆ ወይም ጨምሮ የተሸጠበት ልማድ ለኤሌክትሪክ መኪና አይሠራም፤ ያለፈው ዓመት ሞዴል በፍጥነት ይወርዳል። ነገር ግን ለያዮ መንገድ ከስክሪን ስፋትና ከካሜራ ብዛት በላይ የሚበጀው የመኪናው ከመሬት ከፍታ፣ የባትሪው ዓይነትና የቻርጅ ማስገቢያው ነው። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ብዙ ዙር ቻርጅ ይችላል፤ በየጊዜው እስከ 100 በመቶ መሞላቱም ብዙ አይጎዳውም። ለቻይና ገበያ የተሠራው መኪና ማስገቢያው ከአውሮፓው ይለያል፤ በየጣቢያው የትኛው እንደሚገኝ ሳይጠየቅ ቀብድ መክፈል አይገባም። በክረምት ጭቃ ወደ ቡና ማሳ መግባት ለሚፈልግ ደግሞ መልሱ ከማዘዝም ከመጠበቅም ውጪ ነው፤ አገር ውስጥ ያለ ሃይሉክስ፣ ውድ ቢሆንም፣ መቱ ያለ ጋራዥ ያውቀዋል።

ስለዚህ ኑሮው በመቱ፣ በያዮና በበደሌ መካከል የሆነና የቤቱ መስመር ብቁ የሆነ ሰው ሞዴል ሳይጠብቅ ቢያዝ ይሻለዋል። አዲስ አበባ በየወሩ የሚመላለስ ሰው መጠበቁ ትክክል ነው፤ የሚጠብቀው ግን ጅማና በደሌ ላይ ቻርጀር መተከሉን እንጂ አዲስ ሞዴል መውጣቱን አይደለም።

ማዘዝ ከተወሰነ ክፍያው በውል መታሰር አለበት። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1885፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል ይላል። ውሉ ላይ ዋጋው በብር የተቆረጠ መሆኑ፣ ምንዛሪና ቀረጥ ቢጨምር ማን እንደሚሸከም፣ የርክክቡ ቀንና የሞዴሉ ዓመት ተጽፎ መገኘት አለበት። ዓመቱን ለማጣራት የሻሲ ቁጥሩ አሥረኛ ምልክት ይታያል፦ ኤስ ከሆነ 2025፣ ቲ ከሆነ 2026 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት አኃዞችም ጎማው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ ከመኪናው ዓመት በጣም ከቀደሙ መጠየቅ ይገባል። ይህ ሁሉ የሚታየው ቀሪው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ነው።