እጃቸው ለተክቢራ አልነሳ ሲል



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የማነሳው ብዙዎቻችን አፍረን የምናልፈውን ጉዳይ ነው። እናቶቻችን የጡት ካንሰር ኦፕሬሽን ተደርጎላቸው ሲመለሱ «አልሃምዱሊላህ፣ ወጣላቸው» እንልና ወደየሥራችን እንበታተናለን። ለእነሱ ግን ከባዱ ነገር ገና ያኔ ነው የሚጀምረው።

የአባቴ እህት፣ እኔ አዳዳ የምላቸው፣ እዚሁ ጎሮ ነው የሚኖሩት። ጎባ ታይተው ወደ አዲስ አበባ ተላኩ። ቀኝ ጡታቸው ሙሉ በሙሉ ወጣ፤ በብብታቸው ስር ያሉት ንፍፊቶችም አብረው ተወሰዱ። የተመለሱ ሰሞን ቤቱ በጠያቂ ሞላ። ጠያቂው ሲቀንስ እሳቸውም ዝም አሉ። ከሴቶች ዱዓ ቀሩ፣ ከሠርግ ቀሩ፣ በረመዳንም ለተራዊህ ሳይመጡ ቀሩ። ልጆቻቸው «ደክሟቸው ነው» ይሉ ነበር። አንድ ቀን አስጠርተውኝ ልጆቹን ካስወጡ በኋላ የጠየቁኝ ግን ስለ ድካም አልነበረም።

«ልጄ፣ ቀኝ እጄ ለተክቢራ ወደ ላይ አይሄድልኝም። ሱጁድ ስወርድም ብብቴን ወጥሮ ይይዘኛል። ሰላቴ ሰላት ነው?»

ሱብሃነላህ! ይህን ጥያቄ ለወራት ብቻቸውን ተሸክመውታል። ወንድ ፊት «ብብቴ» ማለት ለእሳቸው ቀላል አይደለም።

መልሱ አጭር ነው። በተክቢራ ጊዜ እጅ ማንሳት ሱና ነው እንጂ የሰላት ሩክን አይደለም። የሚነሳውን ያህል ማንሳት ይበቃል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ታሞ ለነበረው ለዒምራን ኢብኑ ሑሰይን ቆሞ እንዲሰግድ፣ ካልቻለ ተቀምጦ፣ እሱንም ካልቻለ በጎኑ ሆኖ እንዲሰግድ እንደነገሩት ቡኻሪ ዘግበውታል። ሐኪም ቁስሉን ውሃ እንዳይነካው ካለ ለጉስል በፋሻው ላይ ማበስ ወይም ተየሙም አለ፤ ደረት ከውዱእ አካላት ውስጥ ስለሌለ ውዱኡ ራሱ አይቸግርም።

ሁለተኛውን ጥያቄ ለባለቤቴ ነው የነገሯት። በባዶው ቦታ ጨርቅ ጠቅልሎ ልብስ ስር ማድረግ «የአላህን ፍጥረት መለወጥ» ይሆን ወይ? እዚህ ላይ የሰሃባውን የዓርፈጃ ኢብኑ አስዓድን ታሪክ አስታወስኩ። ከእስልምና በፊት በኩላብ ጦርነት አፍንጫው ተቆርጦ ከብር የተሠራ አፍንጫ አድርጎ ነበር። ብሩ ሲሸትበት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከወርቅ እንዲያሠራ አዘዙት። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ወርቅ ለወንድ ሐራም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ለጎደለ አካል ሲሆን ግን ተፈቀደ። ታዲያ ለአንዲት እናት ጥጥና ጨርቅ ምን ያህል ይበዛባታል?

ስለ ክንዱም ላስረዳችሁ፤ ቤተሰብ ብዙ የሚሳሳተው እዚህ ነውና። በብብት ያሉት ንፍፊቶች የክንድን ፈሳሽ የሚያሳልፉ ናቸው። ሲወጡ ፈሳሹ መንገድ ያጣና ክንዱ ሊያብጥ ይችላል፤ አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ እንኳ። የላይኛው ክንድ የውስጥ ቆዳም ይደነዝዛል። ስለዚህ ምጣድ ቢያቃጥላት ወዲያው ላይሰማት ይችላል። እኛ ደግሞ ከፍቅር ብዛት «አትንቀሳቀሺ» እንላለን። ትከሻ ካልተንቀሳቀሰ ይደርቃል። ሐኪም የሚያዘው ቀላል እንቅስቃሴ ይቀጥል፤ የሃያ ሊትር ጀሪካኑን ግን ወንዶቹ ልጆች ያንሱት። ክንዱ ከቀላና ከጋለ፣ ትኩሳትም ካለ፣ ያኑ ዕለት ጤና ተቋም ይወሰዱ። «ነገ ያልፋል» አይባልም።

ስለ ዚያራም አንድ ነገር። በሽተኛ መጠየቅ ትልቅ አጅር አለው፤ ነገር ግን ቡና እስኪያልቅ ተቀምጦ «እገሊትም በዚሁ ሞተች» ማለት ዚያራ አይደለም። ጠባሳውን ካላየሁ የሚሉም አሉ። አላህ ይምራቸው።

እናንተ ሮቤ፣ አዳማና አዲስ አበባ ያላችሁ ወጣቶች፣ ለትራንስፖርት ብር ትልካላችሁ፤ ጀዛኩሙላህ። ከሮቤ አዲስ አበባ ግን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ኬሞ ብዙውን ጊዜ በየሦስት ሳምንቱ ነው የሚሰጠው፤ የሚያቅለሸልሻት እናት አውቶብስ ላይ ብቻዋን ስትሆን አስቡት። አንዱን ቀጠሮ እንኳ አብራችሁ ሂዱ። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና በአገራችን ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ አሁን ጅማና ሐረርም ጀምረዋል፤ ቢሆንም መንገዱ አልቀረም። ማረፊያ ላጡ ሕሙማን አዲስ አበባ ውስጥ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ መጠለያ አለው። ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ያቋቋሙት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ።

ከኬሞ በኋላ የሚታዘዝ፣ ለዓመታት በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒንም አለ። በረመዳን «ፆም ነኝ» ብለው የሚያቋርጡ አሉ። በቀን አንዴ የሚወሰድ ከሆነ በሱሁር ወይም በኢፍጣር መውሰድ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁላቸው። መፆም የሚጎዳቸው ከሆነ ደግሞ ቁርኣን ራሱ ለታመመ ሰው ሩኽሳ ሰጥቷል።

አዳዳ አሁን ግድግዳ ላይ በጣታቸው «ይወጣሉ»፤ ነርሷ ያሳየቻቸው እንቅስቃሴ ነው። የመጨረሻ ልጃቸው በየጁሙዓው ጣታቸው የደረሰበት ላይ በከሰል መስመር ያሰምራል። መጀመሪያ ከትከሻቸው በታች ነበር፤ ባለፈው ጁሙዓ የመስኮቱን ላይኛ ጠርዝ አልፏል። ማታ ማታ ክንዳቸው አሁንም ያብጣል። ኢንሻአላህ ዘንድሮ ለተራዊህ እንደሚመጡ ነግረውኛል፤ ከሴቶቹ በኩል ከግድግዳው አጠገብ ወንበር እንዳስቀምጥላቸው አዘውኛል።